ድልድዩ ላይ ሲደርስ

«ሞቷል እልሃለሁ! ድልድዩ ላይ ሲደርስ ተኩሰው ጣሉት። ባርኔጣው ብቻ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አንተ ደግሞ! አምልጦ እናቱ ቤት ገባ እንጂ ምን ሞተ? እናቱም ጎመን እየቀቀለች ነበር።»

የሻለም የንፍሮውን ሰፌድ እንደያዘች ድንኳኑ ውስጥ ቀጥ ብላ ቆመች። ከጅዳ ድረስ መጥታ የአባቷን ቀብር ያልደረሰች ልጅ ናት፤ ዓይኗ አብጧል፣ ድምጿ ተዘግቷል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጥግ ይዘው ስለ ሰው አሟሟት ሲከራከሩ ስትሰማ ስለ አባቷ የሚያወሩ መሰላት። አባቷ ሞላ የሞተው ግን እዚሁ መካነ ሰላም፣ አልጋው ላይ፣ በሳንባ ምች ነው። ድልድይም ጎመንም የለበትም።

«ማነው የሞተው?» አለች ሳታስበው።

ሁለቱም ደነገጡ። ጸጉር አስተካካዩ ውበቱ ንፍሮ ለመዝገን የዘረጋውን እጁን መልሶ፣ «ይቅርታ እህቴ፣ የፊልሙን ነው። አባትሽ ያሳየን የነበረውን። ነገርን ነገር አንስቶት ነው» አለ አፍሮ።

እንዲህ ያለ ለቅሶ ቤት አይታ አታውቅም። የመጣው ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ይቀመጣል፣ ትንሽ ይተክዛል፣ ትንሽ ንፍሮ ይቆረጥማል፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው ፊልም ላይ ይወድቃል። ከተማው ገና መብራት ሳይገባለት ሞላ እሷ ከጅዳ በላከችለት ዴክና ቴሌቪዥን ቪዲዮ ቤት ከፍቶ ነበር። የቻይና ድብድብም የህንድ ዘፈንም ነበረው። በገበያ ቀን የሚያሳየው ግን ሁልጊዜ አንድ ፊልም ነበር፤ ጥቁርና ነጭ፣ የፈረንጆች የጦርነት ዘመን ታሪክ። ቋንቋውን የሚሰማ ስለሌለ ሞላ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ በአርጩሜ እያመለከተ ይተርከዋል። እሱም ቋንቋውን አያውቅም። ይህ ግን ማንንም አስቸግሮ አያውቅም።

ታሪኩን የነገረቻት እትዬ ፈርሂያ ናት፣ ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ቆሎ ትሸጥ የነበረችው ጎረቤት። ከጓዳ ሽንኩርት እየላጡ ነበር።

«አንድ ምስኪን የወደብ ሠራተኛ ነው። በጦርነቱ መሐል መርከብ ይቃጠልና አንተ ነህ ያቃጠልከው ይሉታል። ያቃጠለው ግን ሌላ ነው፣ አንድ ለግላጋ ልጅ። ምስኪኑ ከእስር አምልጦ ያን ልጅ ፍለጋ አገር ላገር ይንከራተታል። ኋላ ልጁ ይገኛል። ወታደሩ ያባርረዋል፣ ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ ድልድዩ ላይ ሲደርስ...»

«ሲደርስ?»

«ሲደርስማ ጀነሬተሩ ይጠፋል! ወላሂ፣ እኔ የምገባው ከአያትሽ ጋር ነው፣ እዚያች ቦታ ላይ ሳይጠፋ ቀርቶ አያውቅም። የቀረውን አባትሽ በጨለማው ይነግረናል። ‹አይዟችሁ፣ ልጁ አምልጦ እናቱ ቤት ገባ› ይለናል። አላህ ይማረው።»

«ምስኪኑስ? ነጻ ወጣ?»

ፈርሂያ ቢላዋዋን አቆመች። «እሱንስ እንጃ። አባትሽ ነግሮንም አያውቅ፣ እኛም ጠይቀን አናውቅ።»

የሻለም በሽንኩርቱ አሳብባ አለቀሰች። «አንተ ነህ ያቃጠልከው» የሚለው ነገር ለእሷ ፊልም አልነበረም።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ጦርነቱ ወደ አውራጃቸው ወደ ቦረና ሲቃረብ፣ ከከተማው ዳር የነበረው የመንግሥት የእህል መጋዘን አንድ ምሽት ነደደ። በማግስቱ አውጫጭኝ ተጠራ። በአውጫጭኝ ደንብ አገሬው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ አጥፊው እስኪታወቅ ቤቱ የሚመለስ የለም። ያየ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይነግራል፣ እነሱም «ወፍ ነገረችን» ብለው የአጥፊውን ስም ያወጣሉ። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ያን ቀን ወፏ የጠራችው የሞላን ስም ነበር። ሞላ አንድ ጊዜ ብቻ «አላቃጠልኩም» አለ። «በርኖስህ ታይቷል» ሲሉት አፉን ዘጋ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ሰውን ግን ያስበላል። ደሴ ወህኒ ቤት ወረደ።

እናቷ ብርሀንነሽ እሱ በታሰረ በዓመቱ ሞተች። የሻለም በእናቷ እናት፣ በእሜት አስቻለች እጅ አደገች። መንግሥት ሲወድቅ የወህኒው በር ተከፍቶ ሞላ ከሌላው እስረኛ ጋር ወጣ። ንጹሕ ነህ ብሎ የለቀቀው ዳኛ ግን የለም፤ እሷንም የሰፈር ልጅ «የእሳቱ ልጅ» ማለቱን አልተወም። ጅዳ የሄደችው ግማሹን ለእንጀራ፣ ግማሹን ከዚያ ስም ሽሽት ነው። ስልክ በደወለች ቁጥር «አባዬ፣ እውነት አንተ ነህ?» ልትል ትነሳና ስለ ዝናብ ጠይቃው ትዘጋለች። አሁን የሚጠየቅ አባት የለም። ድንኳኑ ፈርሶ ሰው ሳይበተን እውነቱን ካላወቀች ወደፊት ማን ይነግራታል?

እሜት አስቻለች ከጓዳው በራፍ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። እንባ ከዓይናቸው ጠብ አላለም። ለቀስተኛው ይህን አይቶ ተንሾካሹኳል። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ቤቱ አምጥቶ ሲጦራቸው የኖረው ሞላ ነውና።

«እምዬ፣ ለአባዬ አላለቀሱለትም» አለች የሻለም እግራቸው ስር ቁጭ ብላ።

«ያበላኝ ያጠጣኝ እሱ ነው፣ አልክድም። ያን እሳት ግን ሆዴ አልረሳውም። የስንቱ ጉሮሮ ነው አብሮ የተቃጠለ።»

«እሱ መሆኑን በምን አወቁ?»

«አይቼ ነዋ!» አሉ ቆጣ ብለው። «በርኖሱን አላጣውም። የበጉን ጸጉር የፈተልኩት እኔ ነኝ፣ ለሰርጉ ብዬ። ጥቁሩ ቢያልቅብኝ ከግርጌው ነጭ ጨምሬበታለሁ። እንዲያ ያለ በርኖስ በአገሩ ሌላ የለም። ከመጋዘኑ ጀርባ ሲሮጥ አየሁት። የልጄ ባል ነው ብዬ ልደብቅ? ያየነውን ላንሸሽግ ምለን ተቀምጠን? ለሽማግሌ ነገርኩ።»

ወፏ አያቷ ነበሩ። ያሳደጓት፣ ጸጉሯን የሠሯት፣ ዛሬም በአባቷ ቤት ፍራሽ ላይ የተቀመጡት እሳቸው። ልትቆጣቸው ፈለገች፣ ቁጣው ግን እምቢ አላት። ያዩትን የተናገሩ ሴት ናቸው፤ ሐሰት አልጨመሩበትም።

አሮጊቷ ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፊልሙን ግን እወድለት ነበር። እዚያ ውስጥ ያለው ልጅ ቁርጥ ይሄነው ነው።»

ይሄነው የመጨረሻ ልጃቸው፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው። በዚያው በእሳቱ ሰሞን ወደ ታጋዮቹ እንደሄደ አልተመለሰም፣ መርዶው የመጣው ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ነው።

«እምዬ፣ ፈረንጅ እኮ ነው።»

«ቢሆንስ? ፈገግታ አገር አለው? አፉን ወዲህ ሰብሰብ አድርጎ ነው የሚስቀው፣ ልክ እንደ ልጄ። ፎቶ እንኳ አልተወልኝም። አባትሽ በገበያ ቀን ደግፎ ወስዶ ከፊት ያስቀምጠኛል። ልጁ አምልጦ እናቱ ቤት ሲገባ ሰምቼ፣ ደስ ብሎኝ መጥቼ እተኛለሁ።»

የሻለም ተነሳች። የሚከነክናት ነገር አሁን አንድ ጫፍ አገኘ። ከድንኳኑ ጀርባ ቸኮል እንጨት እየፈለጠ ነበር፤ የቪዲዮ ቤቱን ጀነሬተር ያንቀሳቅስ የነበረው እሱ ነው።

«ቸኮል፣ ያ ጀነሬተር እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ምን እየነካው ነው የሚጠፋው?»

«ነዳጅ እያለቀ ነዋ።»

«ቸኮል!»

መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰክቶ ላቡን ጠረገ። «አባትሽ ይስላል፣ እኔ አጠፋለሁ። እሜት አስቻለች ካሉ ብቻ ነው። እሳቸው በሌሉበት እስከ መጨረሻው ይታያል። ልጁ ድልድዩ ላይ ይሞታል፣ ምስኪኑም ነጻ ይወጣል።»

«ልጃቸውን ስለሚመስል?»

ቸኮል ወደ ድንኳኑ ዞር ብሎ አየ። «አባትሽ ሞተ። መሐላዬ አብሮት ይቀበር አይቀበር አላውቅም፣ አንቺ ግን ልጁ ነሽ። ይሄነው ጓደኛዬ ነበር። መጋዘኑ በተቃጠለ ምሽት ሊሰናበተኝ መጣ። ያን ከግርጌው ነጭ ያለበትን በርኖስ ለብሷል። ‹ለብርዱ ብዬ ከሞላ ተውሼ ነው› አለኝ። እጁ ነጭ ጋዝ ይሸት ነበር።»

«እና ዝም አልክ?»

«ብናገር አብረው ይወስዱኝ ነበር፤ ፈራሁ። አባትሽ ሲፈታ ሄጄ ነገርኩት። ‹በርኖስህ ታየ ካሉኝ ቀን ጀምሮ አውቄዋለሁ› አለኝ። በአውጫጭኙ ቀን ይሄነው በሕይወት ነበረ፤ ስሙን ቢጠራ ኖሮ ተከታትለው ይይዙት ነበር። ኋላ ደግሞ መርዶው መጣ። ‹አሮጊቷ አንዴ ቀብረውታል፣ በኔ አፍ ዳግመኛ አይሞትባቸውም› ብሎ አስማለኝ።»

«ወፏ ማን እንደነበረች ያውቅ ነበር?»

«ወፍ ይጠየቃል እንዴ? አልጠየቅሁትም።»

የሻለም አጥሩን ተደግፋ ቆመች። የመጣባት ደስታ ነበር፣ በለቅሶ ቤት የማያምር ደስታ። አባቷ አላቃጠለም! ከዚያም ስለ ዝናብ እየጠየቀች የዘጋችው ስልክ ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። ይህን ሰው ነው እንዴ ስታፍርበት የኖረችው? ድንኳኑ የሚፈርስበት ቀን ሕዝቡ ሁሉ ባለበት ቆማ ልትናገረው ወሰነች። ከጅዳ ለመቅበር ያልደረሰች ልጅ ቢያንስ ስሙን ታነሳለታለች።

ቀኑ ደረሰ። አግዳሚው ከመነሳቱ በፊት የእድሩ ዳኛ አቶ አድማሴ እንደ ደንቡ ከመሐል ቆሙ።

«ወገኖቼ፣ ሞላ ያስቀየማችሁ ካላችሁ ቂም ይዛችሁ ከዚህ ድንኳን አትውጡ። ይቅር በሉት።»

«ይቅር ብለነዋል! እግዜርም ይማረው!» አለ ለቀስተኛው። እትዬ ፈርሂያ በመዳፏ ፊቷን ዳብሳ «አሚን» አለች።

የሻለም ብድግ አለች። ቃሉ አፏ ላይ ተሰናድቷል። ቸኮል መሬት መሬቱን ያያል። ልትናገር ስትል ከጓዳው በራፍ ድምፅ መጣ።

«ቆዩኝማ» አሉ እሜት አስቻለች። «እኔ ቂም ነበረኝ። ስለዚያ እሳት።»

አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ጓዳው ዞረ።

«ሟርት አይሁንብኝ ብዬ ሳልናገረው በሆዴ ይዤው ኖርኩ። ብርሀንነሼም በዚያው ሰበብ ሄደች፣ ይሄነውዬም በዚያው ሰሞን። እሱ ግን አንድም ቀን ክፉ አልተናገረኝም፣ እግሬን እያጠበ ጦረኝ። ዛሬ ይቅር ብየዋለሁ። ሰማሽ የሻለም? አባትሽን ምሬልሻለሁ።» ድንኳኑ ከተተከለ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባቸው ወረደ። «አሁን ላልቅስለት።»

«እሰይ! ደግ አደረጉ!» አሉ ሽማግሌዎቹ።

ሰው ሁሉ የሻለምን አየ፤ ቆማ ነበርና። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አባቷ ያላጠፋውን ይቅር የተባለበት ይህ ድንኳን በአንድ ቃል ይገለበጣል። ግን ከድንኳኑ ማዶ ያሉትን አየች፤ ያን ምሽት ሲሮጥ ያዩት የገዛ ልጃቸው እንደነበረ፣ ለወታደርም ሊያስይዙት ምን ያህል እንደተቃረቡ የማያውቁትን፣ ቢያውቁ ሌሊቱን በሕይወት የማይሻገሩትን አሮጊት። ቃሉን ውጣ አስቀረችው። አባቷ ስንት ዓመት እንዴት እንደቻለው ያኔ ገረማት።

ሰዉን አልፋ ሄዳ አያቷ ፊት ተንበረከከች፣ ሁለቱንም ጉልበታቸውን ሳመች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እምዬ» አለች።

ግንባሯን ከጉልበታቸው አላነሳችም። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የበረዳት የመሰላቸው እሜት አስቻለች ነጠላቸውን አውልቀው ጀርባዋን አለበሷት።