በትክክለኛው ፍጥነት

«አይደለችም» አሉ ዳቦ ጋጋሪው።

የቴፕ ጠጋኟ ካሴቱን አቆመች፣ ወደ ኋላ መለሰችና ለሦስተኛ ጊዜ ቁልፉን ተጫነች። ከድምፅ ማጉያው የሴት ድምፅ ወጣ፤ ወፍራም፣ ጎታታ፣ ገና ከእንቅልፉ ያልነቃ ሰው የሚመስል። «ምሳህን ምድጃው ላይ ትቼልሃለሁ፤ ሳታሞቀው እንዳትበላ...»

«አይደለችም አልኩሽ እኮ ልጄ። ሚስቴን ጎረምሳ አደረግሻት።»

የሰፈሩ ሰው ጠጋኟን «ሚሊሜትር» ይላታል። ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉባት ነበር፤ እሷ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለችው። በጸጉር አስተካካዩና በቁልፍ ቀራጩ መካከል በተሸጎጠችው ጠባብ ሱቋ ውስጥ «በግምት» የሚባል ቃል አይነገርም። «ይበቃዋል፣ ይሠራል» የሚል ጠጋኝ ሁሉ ለእሷ አጭበርባሪ ነው፤ ይህንንም ፊት ለፊት ትናገራለች።

ትናንት ዳቦ ጋጋሪው ይህን አሮጌ ቴፕ በአንሶላ ጠቅልለው ሲያመጡላት ክዳኑን ከፍታ ሞተሩን ከማዞሪያው ጎማ ጋር የሚያገናኘውን ቺንጋ በጣቷ አነሳችው። ደርቆ ተበጥሷል። የፋብሪካ ሥራም አልነበረም፤ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ ከካላማዳሪ፣ የተቆረጠ ነው።

«ይህን የሠራው ሰውዬ ጎማ ቤት ነው መቀጠር የነበረበት» ብላ ወረወረችው። «ዕቃ የሚያበላሹት እንዲህ ያሉት ናቸው። ማፈር ድሮ ቀረ።»

ሽማግሌው ያኔ ምንም አላሉም። ዛሬ ግን ዝም የሚሉ ዓይነት አይደሉም።

«እስኪ ይዩት፣ አባባ» አለች። የራሷን መለኪያ ካሴት ከጨርቁ ፈታ አስገባች። ካሴቱ ላይ፣ ቴፕ በልኩ ከዞረ መለኪያው ሦስት ሺህ የሚያነብበት አንድ ቀጭን ፉጨት ብቻ ነው ያለው። የመለኪያው መስታወት ላይ ቁጥሩ ወጣ። «ሦስት ሺህ። አንድ አይጎድል፣ አንድ አይተርፍ። ከፋብሪካ ሲወጣ እንኳ እንዲህ አልነበረም። ማሽኑ ልክ ነው።»

«ማሽኑማ ልክ ይሁን። እሷ ናት የጠፋችው።»

«ሰው ሲሞት ድምፁ ጆሯችን ላይ ይለወጣል። እርስዎ የሚያስታውሱት...»

«ስሚኝ። እኔ ማስታወስ አይደለም የማወራሽ። ባለፈው ወር ሰምቻታለሁ። ከዚያ በፊት ባለው ወርም ሰምቻታለሁ። ይሄ ቴፕ እስኪበጠስ ድረስ በየጠዋቱ ስሰማት ነው የከረምኩት።»

ሚሊሜትር መለኪያ ካሴቷን አወጣች። በክርክር መሸነፍ ያንገበግባታል፤ የሚረታ ነገር ሲነገር ግን ከማንም ቀድማ ታውቀዋለች።

ሽማግሌው ወንበር ሳቡ። ሠላሳ ዓመት ሌሊት ሌሊት ዳቦ ሲጋግሩ ኖረዋል። ሚስታቸው ነርስ ነበረች፤ የቀን ተረኛ። እሳቸው ዱቄታቸውን ሳያራግፉ ሲገቡ እሷ ወጥታለች፤ እሷ ስትመለስ እሳቸው ሊወጡ ጫማ እያሰሩ ነው። አንድ ቤት እየኖሩ በሳምንት ስድስት ቀን ከሰላምታ በላይ አይነጋገሩም። ስለዚህ ማይክሮፎን ገዙ። እሷ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ለቴፑ የምትለውን ትልለታለች፣ እሳቸው ገብተው ይሰማሉ፣ ይመልሱላታል። እየደራረቡ ሲቀዱ አብዛኛው ጠፍቶ ዐሥራ አንድ ካሴት ቀርቷል። እሷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗል።

«ወረቀት ላይ አይጻጻፉም ነበር?»

«የእሷን ጽሕፈት ማንበብ የሚችል መድኃኒት ቤት ያለ ሰው ብቻ ነው።»

ሚሊሜትር ሳቋን ዋጠች። ከዚያ ተነስታ የቆሻሻ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችና የተበጠሰውን ቺንጋ ፈልጋ ውፍረቱን ለካች። ሁለት ሚሊሜትር። ትናንት ያስገባችው አዲሱ አንድ ነው።

ነገሩ ወዲያው ገባት። የሞተሩ መዘውር ትንሽ ነው፤ ወፍራም ቺንጋ ሲጠመጠምበት መዘውሩ የተለቀ ያህል ይሆንና ማሽኑን ያስሮጠዋል። ነርሷ የተቀዳችው በሚሮጥ ማሽን ነው፣ የምትሰማውም በዚያው በሚሮጥ ማሽን ነው፤ ስለዚህ ልክ ሆና ትወጣ ነበር። አሁን ማሽኑ ሲስተካከል እሷ ወፈረች። ሽማግሌው እውነታቸውን ነው።

ይህን ልትነግራቸው ስትል የቺንጋውን መጋጠሚያ አየች። ቀጥ ብሎ አልተቆረጠም፤ በሰያፍ ተቆርጦ፣ ጫፉ ተስሎ፣ አንዱ በሌላው ላይ በማጣበቂያ ተኝቷል። እንዲህ አድርጎ የሚቆርጥ አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች። እሷንም ያስተማራት እሱ ነው።

«ይህን ማን ነው የሠራልዎት?» አለች ቀስ ብላ።

«ጎማ ቤት የቀጠርሽው ሰውዬ።»

«አባቴ?»

«አባትሽ። ያኔ ቺንጋ ከየት ይመጣል? እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ቆርጦ ሠራልኝ።»

«ታዲያ ትናንት ስሰድበው ለምን ዝም አሉኝ?»

«ደስ ብሎኝ ነዋ። እሱስ ሥራው ምን ነበር? የሰው ዕቃ በከፈተ ቁጥር ከእሱ በፊት የሠራውን ሰው ሲያብጠለጥል ነው የኖረው። እስኪ ይቅመሳት አልኩ።»

ጆሮዋ ድረስ ቀላች። አባቷ መለኪያ አልነበረውም፤ ፍጥነት የሚያስተካክለው በጆሮው ነበር። «የአባቴ ጆሮ ከመለኪያ አይተናነስም» እያለች ስንቱን ደንበኛ አፉን አስይዛለች። አሁን ግን ሁለት ሚሊሜትር ካላማዳሪ መዳፏ ላይ ተቀምጦ ውሸታም አደረጋት። ብትጥለው ደስ ባላት። አልጣለችውም፤ ለክታዋለች፣ የለካችውን ደግሞ አትክድም።

«የተሳሳተው አባቴ ነው» አለች። «መፍትሔ አለው። ካሴቶቹን ኮምፒዩተር ላይ ገልብጬ እዚያ አስተካክላታለሁ። ማሽኑም ልክ እንደሆነ ይቀመጣል።»

«ኮምፒዩተሩን ማን ሊከፍትልኝ? እኔ ጠዋት ስነሳ ይቺን ቁልፍ ነው የምጫነው። ማሽኑን እንደነበረ አድርጊልኝ።»

«ሌላ ካሴት ሲያስገቡ ዘፋኙ ሁሉ ይንጫጫብዎታል።»

«ይንጫጫ። እሱ ቸኩሎ ከሆነ የራሱ ጉዳይ ነው።»

«አባባ፣ ከዚህ ቤት ልኩን ያልጠበቀ ዕቃ ወጥቶ አያውቅም።»

«አንድ ወጥቷል» አሉ ሽማግሌው። «ሃያ ስድስት ዓመት ቤቴ ተቀምጧል።»

ሚሊሜትር የመለኪያውን ገመድ ከቴፑ ነቀለችና ወደ ጎን ገፋችው። ቀጭኗን ካቻቢቴ ከሞተሩ ጀርባ ባለችው ቀዳዳ አስገብታ የሞተሩን ፍጥነት የምታስተካክለውን ብሎን ጫፍ አገኘች፤ በሌላ እጇ የነርሷን ካሴት አስጀመረች።

«ሲደርሱ ይንገሩኝ።»

«...ጎረቤታችንን በውሃው ጉዳይ እንዳትጨቃጨቀው፤ ማታ መጥቼ እኔው እጨቃጨቀዋለሁ...»

ብሎኑን የፀጉር ስፋት ያህል አዞረች። ድምፁ ቀለል አለ፤ ከእንቅልፉ ነቃ።

«ጨምሪ» አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

ጨመረች።

«አለፍሽ። ይቺ እህቷ ናት። ነገረኛዋ።»

መለሰች።

«...አንተ ስትናደድ አፍህ ይያያዛል፣ እሱ ደግሞ ይስቅብሃል...»

ሽማግሌው «ቁሚ» አላሉም። ቁጭ ባሉበት እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ቀረ፤ ሚስታቸው ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ አንድ ወልቃ ስለተሰፋች የሸሚዝ ቁልፍ ፈጠን ባለ ቀጭን ድምፅ እያወራች ቀጠለች። ሚሊሜትር ካቻቢቴውን ሳታንቀሳቅስ ያዘች። ሴትዮዋ አውርታ አውርታ «በቃ፣ ረፈደብኝ» ስትል፣ ሽማግሌው «እሺ» አሏት።

ካሴቱ ሲያልቅ ሚሊሜትር ልማዷ አላስቀምጥ ስላላት መለኪያ ካሴቷን አስገብታ ገመዱን መልሳ ሰካች። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ አርባ። በዚህ ቁጥር ሌላ ጠጋኝ ዕቃ ሲያስረክብ ብታየው መንገድ ላይ አቁማ ታዋርደው ነበር። ገመዱን ነቀለች።

ክዳኑን አንስታ ብሎኖቹን ልታስገባ ስትል እጇ ቆመ። ከእሷ በኋላ ይህን ማሽን የሚከፍት ሰው አይጠፋም። መለኪያ ያለው፣ ምላስ ያለው፣ በራሱ የሚተማመን። ለክቶ «ማን ነው ያበላሸው?» ይላል፤ ከዚያ በአንድ ደቂቃ ያስተካክለውና ነርሷን ዳግመኛ ያጠፋታል።

ክዳኑን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከቦርሳዋ ቀይ የጥፍር ቀለሟን አወጣችና በፍጥነቱ ብሎን አናት ላይ አንድ ጠብታ ጠብ አደረገች፤ ሁለተኛም ጨመረች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ደርቆ ብሎኑን እስኪይዘው ድረስ እፍ አለችበት።