ሙዚቃው የሸፈነው ቃል

መኪናው ሆን ተብሎ ነው የተገለበጠው። ጎማዎቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ሜዳው መሀል በጣሪያው ተኝቷል፤ ከፊቱ ረጅም ሰልፍ አለ። ተራው የደረሰው ሰው በአንዱ በር ተጎንብሶ ይገባና በሌላው በኩል በመስኮቱ በደረቱ እየተሳበ ይወጣል። ከዚያ ብድግ ብሎ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ ያራግፋል፤ ሚስቱ ፎቶ ታነሳዋለች። ሆዳቸው ከመስኮቱ የሰፋ ጡረተኞች ሳይቀሩ ዕድላቸውን ይሞክራሉ። አንዱ ወገቡ ላይ ተሰንቅሮ ቀርቶ ሁለት ሰው እጅና እጁን ይዞ ሲጎትተው ሰልፈኛው ሁሉ በሳቅ አወካ።

ቨርሊን ስትራውድ አልሳቀችም። ድንኳኑ ጥላ ሥር በታጣፊ ወንበር ተቀምጣ፣ እጇ ላይ የሞቀውን ሎሚናት ሳትጠጣ፣ ትልልቅ ሰዎች ትኬት ቆርጠው ከአደጋ ሲተርፉ ታያለች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ዳሌዋ ውስጥ ብረት አለ፤ ግራ ትከሻዋ ዝናብ ሲመጣ ከራዲዮው ቀድሞ ይነግራታል። ይህን ሁሉ የተሸከመችው ለሌላ ሴት ነው። በቴሌቪዥን መልከ መልካሟ ተዋናይት ከድልድይ ስትዘል፣ ከሚበር መኪና ጣሪያ ላይ ስትንጠለጠል የታየችው ቢጫ ዊግ ያጠለቀችው ቨርሊን ነበረች። ተዋናይቷ በዚያ ሰዓት ጥላ ሥር ጥፍሯን ትቀባ ነበር።

ይህ ሁሉ አድናቂ የተሰበሰበለት ተከታታይ ድራማ «አቧራ አስነሺዎቹ» ይባላል። በሰማንያዎቹ ዓመታት አርብ አርብ ማታ ያገሩ ልጅ ሁሉ ራቱን ጭኑ ላይ ይዞ ቴሌቪዥን ፊት ይኮለኮል ነበር። ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህታቸው በጎታች መኪናቸው በረሃውን እያቋረጡ ምስኪን ገበሬ ከሌባ ባለሀብት ያድናሉ። ጥይት ምጣድ ላይ እንዳለ በቆሎ ይንጣጣል፤ የሚቆስል ግን የለም። አክተር አይሞትም ይባላል፤ እዚያ ድራማ ላይ ግን ክፉዎቹም አይሞቱም። የጣቢያው አለቆች ሕግ አውጥተው ነበር፦ መኪና ከተገለበጠ፣ ውስጡ የነበረው ሰው በደህና ሲወጣ መታየት አለበት። ሠራተኞቹ ይህችን ቀረጻ «መውጫው» ይሏታል።

መውጫው የሚቀረጸው ጠዋት ነበር። ልብስ ሳይቆሽሽ፣ ፀሐዩ ሳይከር፣ አስቀድሞ በመዶሻ በተጨረማመተ ሌላ መኪና። እውነተኛው ግልበጣ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ሰውየው መጀመሪያ በደህና ይወጣል፤ ከዚያ ይገለበጣል። ሲነግሩት የሚያስቅ አሠራር ነው፤ እነሱም በየሳምንቱ ይስቁበት ነበር።

የክፉዎቹን መኪና የሚገለብጠው የቨርሊን ታላቅ ወንድም ዴልማር ነበር። አንድ የጥቅምት ቀን ከሰዓት በኋላ መኪና ወደ አየር የሚያስፈነጥረውን መወጣጫ ወጥቶ፣ አየር ላይ ዞሮ፣ እንደ ወትሮው በጣሪያው አረፈ። አቧራው ሲረጋ እንደ ወትሮው ሁሉም አጨበጨበ። ቨርሊንም አጨበጨበች። ሌሎቹ አቁመው መሮጥ ሲጀምሩ እሷ ገና እያጨበጨበች ነበር። ከሳምንታት በኋላ ክፍሉ ለሕዝብ ቀረበ። ግልበጣው ታየ፤ ቀጥሎ ጠዋት የተቀረጸው ዴልማር በመስኮት እየሳቀ ወጣ፤ በላዩ ላይ ያ የተረገመ የድራማው የባንጆ ሙዚቃ ተንጣጣ።

«ቨርሊን! የኔ ንግሥት! ማንን እንዳመጣሁልሽ ብታዪ!»

ኸርብ ፓስኮ ነው፣ የአድናቂዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር። የድራማውን መኪኖች የሰሌዳ ቁጥር አንድ በአንድ ያውቃል፤ የሚስቱን የልደት ቀን ግን ሚስቱ ናት የምታስታውሰው። ከኋላው አንዲት አርባ ዓመት ያለፋት፣ ትከሻ ሰፊ ሴት ቆማለች። ቨርሊን ማንም ሳይነግራት አወቀቻት። የዴልማር አገጭ ሴት ፊት ላይ እንዲህ ያምራል ብላ አስባ አታውቅም።

«ሮንዳ ነኝ» አለች ሴትዮዋ። «የዴልማር ልጅ። እርስዎ እንኳ አያስታውሱኝም...»

«እርስዎ ይቅርብኝ። ዳይፐር ቀይሬልሻለሁ።»

ኸርብ በሳቅ ተንፈቀፈቀ። ሮንዳም ሳቀች። ኸርብ ከሰዓት በኋላ መድረክ ላይ አብረው እንደሚወጡ፣ «ያቺ ክፍል» በትልቁ ስክሪን እንደምትታይ፣ ሕዝቡ እንደሚያብድ ነግሯቸው ሄደ።

ሮንዳ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሥራሽ ምንድን ነው?» አለች ቨርሊን።

«ኦሃዮ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ።»

«መንዳቱ ከደም ነዋ።»

«እኔ ግን እስካሁን አልገለበጥኩም።»

ቀልዱ የዴልማር ነው፤ አነጋገሩም። ቨርሊን ሎሚናቱን መሬት ላይ አስቀመጠች። ኦሃዮ በአውሮፕላን የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እሷን አርባ ዓመት ፈጀባት፤ ያውም ተነስታ የመጣችው ልጅቷ ናት። በየዓመቱ ገና ሲደርስ «ዘንድሮ እሄዳለሁ» ትላለች፤ ቀጥሎ እናትየው በሩን ስትከፍት የምታሳያት ፊት ይታሰባትና ሻንጣውን አልጋ ሥር ትመልሰዋለች። ሄዳ ቢሆን ኖሮ ለልጅቷ የምትነግራት ስንት ነገር ነበራት። አባትሽ ጥርስ ሐኪም ይፈራ ነበር። ፀጉርሽን የሚያጥብልሽ ወጥ ቤት፣ ሳህን ማጠቢያው ውስጥ ነበር። ሲዘፍን ውሻው ከቤት ይወጣ ነበር።

«እናቴ ባለፈው ዓመት አረፈች» አለች ሮንዳ። «እሷ የነገረችኝን ታውቂዋለሽ መቼም። አባባ ከመኪናው ወጣ፣ ሳቀ፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለ። ምንም አላመመውም። እኛ ጋ ስልክ የተደወለው ራት እየበላን ነው፤ እሷ እንኳ መጀመሪያ አላለቀሰችም፣ ‹ወጥቷል አይደል?› እያለች ነበር አሉ።»

ቨርሊን ጥያቄው ለማን እንደቀረበ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ደዋይዋ እሷ ነበረች። «ወጥቷል አይደል?» የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዋ ውስጥ ነው፤ «አልወጣም» ብላ የሰጠችው መልስም። እናትየው እውነቱን ሰምታ፣ ስልኩን ዘግታ፣ ለልጇ ሌላ አባት ሠርታላታለች።

«የዚያን ክፍል ቪዲዮ ካሴቱ እስኪበጠስ አይቼዋለሁ» አለች ሮንዳ። «ከአባባ የሚንቀሳቀስ ነገር እሱ ብቻ ነው ያለኝ። ትምህርት ቤት ሲከፋኝ ቤት ሮጬ እሱን ማየት ነው። ይወጣል፣ ይስቃል፣ አንድ ነገር ይናገራል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ግን ያ ሙዚቃ...» ጠጋ አለች። «አክስቴ፣ እዚያ ነበርሽ። ምንድን ነው ያለው? የመጨረሻ ቃሉ እኮ ነው።»

ቨርሊን አፏን ከፈተች። አሁን ነው፤ እዚህ፣ ማንም ሳይሰማ፣ እጇን ይዛ። ነገር ግን ሴትዮዋ ፊት ላይ ያለውን ስታይ፣ አርባ ዓመት ምንም ያልሰጠች ሰው በመጀመሪያው ቀን ያላትን ልትወስድባት መሆኑ ታወቃት።

«መድረኩ ላይ እነግርሻለሁ» አለች። ፈሪ ናት ያላት ሰው ኖሮ አያውቅም፤ እንዲህ ስትሆን ያያት ስለሌለ ነው።

መድረኩ የተዘጋጀበት የከብት ጨረታ አዳራሽ እስከ በሩ ሞልቷል። ወደዚያ ሲሄዱ ቨርሊን ውሸቷን አሰናዳች። «ልጄን ሳሙልኝ» አለ፤ ይኸው ነው። አጭር ነው፣ ያምራል፣ የሚመሰክርባት የለም። አብረው የነበሩት ሁሉ ወይ ሞተዋል ወይ የገዛ ስማቸው ጠፍቷቸዋል። ኸርብ እንኳ ያለቅሳል። ለሮንዳ ደግሞ እድሜዋን ሙሉ የሚበቃት ነው። ደረጃውን ስትወጣ ከንፈሯ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር።

መብራቱ ጠፋ። ስክሪኑ ላይ በረሃው በራ። መኪናው መወጣጫውን ወጣ፣ አየር ላይ ዞረ፣ በጣሪያው አረፈ። አዳራሹ አጨበጨበ። ቨርሊን እጆቿን ከጭኗ ሥር አስገብታ ቁጭ አለች።

ከዚያ ዴልማር በመስኮቱ ወጣ። ሠላሳ አራት ዓመቱ፤ ከዛሬዋ ልጁ ያንሳል። ብድግ ሲል ግንባሩን በሩ ላይ ገጨ፤ ጭንቅላቱን እያሻሸ ካሜራው አጠገብ ወደቆመ ሰው ዞሮ ሳቀና አፉን ከፈተ። ዞሮ ያየው እሷን ነበር። ኸርብ ምስሉን እዚያው ላይ አስቆመው።

«እንግዲህ ወዳጆቼ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የተጨቃጨቅንበትን ነገር ዛሬ ከምንጩ ልንሰማ ነው!» ማይክሮፎኑን ለቨርሊን ሰጣት።

ሮንዳ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ድግስ ላይ ስሟ እስኪጠራ እንደምትጠብቅ ሕፃን ታያታለች። ቨርሊን ውሸቱን ፈለገችው። ነበረ፤ ግን ግድግዳ ሙሉ የሆነው ዴልማር ግንባሩን ይዞ እያያት በእሱ ቃል ላይ የሌላ ቃል መለጠፍ አቃታት። ስንት ዓመት ሙዚቃ ተጭኖበታል።

«እንዲህ ነው ያለው» አለች። ድምፁ ሳታስበው መጣላት፤ ያ የሚጎተት፣ የሚያላግጥ ድምፅ። «‹አንዱ እንቁላል ይጥበስልኝ! ቁርሴን ሳልበላ ዳግመኛ ከዚህ አልወጣም!›»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ኸርብ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። የፊት ረድፍ ላይ የነበረ ሽማግሌ ባርኔጣውን ወረወረ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው ሮንዳ ነበረች፤ እንባዋ እስኪወርድ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አርባ ዓመት የጠበቀችው ቃል ይህን ያህል የሱ በመሆኑ።

ከዚያ ሳቋ መሀል ላይ ቆመ። አፏ እንደተከፈተ ነው። ወደ ስክሪኑ ዞረች፤ ወደ ንጹሑ ሸሚዝ፣ ከመኪናው ጎን ረዝሞ ወደተኛው የጠዋት ጥላ። ሕዝቡ አሁንም ይስቃል።

«ቁርስ?» አለች ቀስ ብላ።

ቨርሊን ማይክሮፎኑን በመዳፏ አፈነችው።

«ቁርስ» አለች።

ሮንዳ ዓይኗን ከአባቷ ላይ ሳትነቅል ወደ አክስቷ እጇን ዘረጋች። ማይክሮፎኑን ለመቀበል ይሁን ሌላ የሚይዙት ነገር ፈልጋ፣ ቨርሊን አላወቀችም፤ በዚያ ሁሉ ሳቅ መካከል የሮንዳ እጅ አየር ላይ እንደተዘረጋ ይጠብቃት ነበር።