አልጋ ስር የቀረው ጀሪካን

በያጁ የሟች እህቱን የሥራ ባልደረባ፣ መምህሩን፣ በቡጢ ሲለው አግዳሚ ወንበሩ ከነለቀስተኞቹ ተገለበጠ። የሻይ ብርጭቆዎች ተሰባበሩ። ሁለት ጎረቤቶች በያጁን ከኋላ አንቀው ያዙት።

"ልቀቁኝ! እህቴን አስገድሎ ‘ያጥናችሁ’ ይለኛል?"

መምህሩ የአፍንጫውን ደም በመሐረብ ይዞ ተነሳ። "ምታኝ ወንድሜ፣ አይከፋኝም። ግን ደንቡን ከእህትህ ጋር አብረን ነው ያወጣነው። መጀመሪያ አዲሱ ጀሪካን ይሰጣል፤ ከዚያ አሮጌው ይበሳል። አዲሶቹ ዘገዩ። እሷ መጠበቅ አቃታት።"

መጠበቅ መቼ ታውቅና! ይህን ከበያጁ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እህቱ የምትታገሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ውሃ ከመጠጣቷ በፊት የዕቃውን ክዳን ፈታ ታሸታለች። ስለዚህም ቤተሰቡ "አነፍናፊ" ይላት ነበር።

"አነፍናፊ፣ እስቲ የዛሬው ምን ምን ይላል?"

"አንተን አንተን። ሂድ ታጠብ!"

አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የአፈርና የውሃ ተመራማሪ ሆነች። ከዚያም ከአንድ ሐኪምና ከማኅበረሰብ ጥናት መምህሩ ጋር ወደ ገጠር ወረደች። ሐኪሙ በአንዲት መንደር ካንሰር ለምን እንደበዛ ግራ ገብቶታል። እሷ ጉድጓዶቹን ብትመረምር ንጹህ ናቸው። ነገሩ የወጣው መምህሩ በየቤቱ ዞሮ አኗኗራቸውን ሲጠይቅ ነው፤ ሰዉ የተባይ መርዝ የመጣበትን ጀሪካን አጥቦ ውሃ ይቀዳበታል። አነፍናፊ አንዱን ክዳን አሸተተችና ፊቷ ተለዋወጠ።

"ዓመት ሙሉ ጉድጓድ ለጉድጓድ ስንዞር መርዙ አልጋ ስር ተቀምጧል!"

ጀሪካኖቹ ዳግም ውሃ እንዳይቀዳባቸው የምትበሳበትን መብሻ የሠራላት በያጁ ነበር። የመኪና ብረት አሹሎ እጀታ በየደለት። እንዲያ አሳምሮ በመሥራቱ አሁን ራሱን ይረግማል።

በሞተችበት ጠዋት ብቻዋን ሠላሳ ጀሪካን በሳች። ጊዜው ድርቅ ነው፤ ውሃው የሦስት ሰዓት መንገድ በጀርባ የመጣ ነው። መሬቱ ጠጣው። ሴቶች ጭቃና ድንጋይ እየወረወሩ ተከተሏት፤ ግንባሯ እየደማ መብሳቷን ቀጠለች። መጨረሻ ላይ አንድ ገበሬ ቤት ገብታ አልጋ ስር ስታጎነብስ ሰውየው የዶማውን ዛቢያ አናቷ ላይ አሳረፈው። ወድቃም ደገማት።

ዕቃዋ ሲመለስ መብሻውም አብሮ መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ከበያጁ ኪስ አልወጣም። ገዳዩ ታስሯል። ሚስቱና ልጁ ግን ቤታቸው ናቸው፤ ቤቱንም በያጁ ጠይቆ አውቆታል። ነገ መብሻውን ይዞ ሊሄድ ቆርጧል።

"ቤቶች?"

ሕፃን ያዘለች ሴት አሮጌ ጀሪካን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እግሯ አቧራ ለብሷል።

"አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?" አሉ አንዲት ለቀስተኛ።

"የታሰረው ሰውዬ ሚስት ነኝ።"

በያጁ ጎረቤቶቹን ወርውሮ መብሻውን መዘዘ። ሁሉም ጮኸ። ብረቱ ከጆሮዋ በጣት ስፋት አልፎ መቃኑ ላይ ተሰካ። ሕፃኑ አለቀሰ። ሴትየዋ አልተነቃነቀችም።

"የምትገለኝ ከሆነ ልጄን ላውርድ፣" አለች። "በፊት ግን ይህን ብሳልኝ። የደበቅሁት እኔ ነኝ። ባሌን ‘እንዳታስነካ’ ያልኩትም እኔው ነኝ። ልጄ የሚጠጣው በዚህ ነው። ሽታው የተሰማኝ እሷ ከሞተች በኋላ ነው።"

በያጁ ብረቱን ከመቃኑ ነቀለው። ተንበረከከና ጫፉን የጀሪካኑ ሆድ ላይ አሳረፈ። አንዴ ቢጫነው ያልቃል። ቀና ሲል የመምህሩን ያበጠ አፍንጫ አየ።

"አዲሱ ይቅደም፣" አለ።

መብሻውን መሬት ላይ ትቶ ወደ ጓዳ ገባ። ለለቀስተኛው ውሃ የተቀዳበትን አዲስ ጀሪካን ተሸክሞ ተመለሰና ከፊቷ አስቀመጠው። ክዳኑን ፈታ፤ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ምንም ምንም አይልም። አጥብቆ ከደነውና አቀበላት።