የጋሽ ደርበው ድንጋይ

ጎሬ ላይ ከዋናው መንገድ ዳር የቆመ ቤት ሁሉ ፊቱ ለስልሶ ግራጫ እንዲቀባ ታዘዘ። ለጭቃ ቤት ግን ልስንም ቀለምም የለም፤ ይፈርሳል። ከተማ የሚያምረው ደሀ ከመንገድ ዳር ሲነሳ ነውና ተቃዋሚ አልተገኘም። እንዲያውም በስብሰባው ላይ እጃቸውን አውጥተው የደገፉ ነበሩ፤ ከነሱ አንዷ እትዬ ሀረገወይን ናቸው።

«ጭቃ ቤት ነውር ነው» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «እንግዳ ባለፈ ቁጥር ያሰድበናል።»

ተጨበጨበላቸው። ብዙም ሳይቆይ የጎረቤታቸው የሽብሬ ጭቃ ቤት ፈረሰ። ሽብሬ ዕቃዋን ተሸክማ ልጇ ጓሮ ገባች።

የእትዬ ሀረገወይን ቤት ግን ላየው ሰው ከጥርብ ድንጋይ የተገነባ ነው። ሟቹ ባለቤታቸው ጋሽ ደርበው በወጣትነታቸው የሹማምንቱን የድንጋይ ቤት አይተው ቀኑ። ድንጋይ የሚገዙበት አቅም ስላልነበራቸው በጭቃው ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መረጉበት፤ ሳይደርቅ በጣታቸው እያጎረበጡ፣ መጋጠሚያውን በሚስማር ጫፍ እያሰመሩ፣ ድንጋይ አስመሰሉት። ሰው ሚስታቸውን «ባለ ድንጋይ ቤቷ» ይላቸው ጀመር። እትዬ ሀረገወይንም ውለው አድረው አመኑት።

አሁን ያ ሸካራ ፊት ይለሰን ተባለ። ግንበኛው ነገራ መጣ፤ ግድግዳውን ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ።

«ማሎ፣ እባክዎ እትዬ፣ ይህ ፊቱ ካልቆሰለ አዲሱ ልስን አይዝም። በመዶሻ ነካ ነካ ላድርገው።»

«ንክች እንዳታደርገው! እንዲሁ ከላዩ ምረግ።»

«የኛ አገር ዝናብ በአንድ ክረምት ይልጠዋል። ያኔ ስሜ ይጠፋል።»

«ቅርስ ነው እኮ! ቅርስ በመዶሻ ይመታል?»

ቅርስ የምትለዋን ቃል ያገኟት ከቴሌቪዥን ነው። ጮክ ብለው ስለተናገሯት መንገደኛው ቆመ፣ ጎረቤቱ ወጣ፣ ሥራውን የሚቆጣጠረው ወጣቱ ሹም አራርሳም ደረሰ።

«ምንድን ነው እትዬ? ቤቱ የድንጋይ አይደለም እንዴ?»

«የድንጋይ ነው እንጂ!»

አራርሳ ወደ ጎረቤቱ ዞረ። «እናንተ የሰፈሩ ሰዎች፣ እስቲ መስክሩ።»

ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። በመጨረሻ ከመሀል ሽብሬ ወጣች። እትዬ ሀረገወይን በዓይናቸው ለመኗት።

«ድንጋይ ነው» አለች ሽብሬ።

እትዬ ሀረገወይን እፎይ አሉ።

«በስብሰባው ላይ ስትናገር ሰምተን የለ? የራሷ ቤት ጭቃ ቢሆን እንደዚያ ትል ነበር?» ወደ ነገራ ዞረች። «ምታው። ድንጋይ መዶሻ አይፈራም።»

ነገራ አራርሳን አየው፤ አራርሳ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። መዶሻው አንዴ ሲያርፍ ሲሚንቶው እንደ ቁስል ቅርፊት ተነሣና ከሥሩ ጭድ ያለበት ቀይ ጭቃ ዝርግፍ አለ።

የሳቀ የለም። የገረመውም የለም። እትዬ ሀረገወይንን ያስደነገጣቸው ከጭቃው ይልቅ ይኸው ነው።

«ታውቁ ኖሯል?»

«በደቦ አይደል የተሠራው?» አለች ሽብሬ። «ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ ጭቃውን ያቦካሁት በዚህ እግሬ ነው። እነዚህ ጫማቸውን የሚያዩት ሁሉ አብረውኝ ረግጠዋል። ጠላሽንም ጠጥተናል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አላችሁ?»

«ምን ብለን እንናገር? ጭቃ ነውር መሆኑን የሰማነው ካንቺ ነው።»

አራርሳ «ትእዛዝ ነው እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለና ቀዩን ቀለም አስመጣ። የሚፈርስ ቤት ኤክስ ይደረግበታል። የጋሽ ደርበው ድንጋይ ግን ሸካራ ነው፤ ብሩሹ በየመጋጠሚያው እየተደናቀፈ መስመሩ ተጣመመበት። ደገመው፤ አሁንም ተጣመመ።

ነገራ መለሰኛውን አነሣ።

«እዚህ ጋ ትንሽ ላለስልስልህ?»