በሦስተኛው ጥሪ

ንግሥት ወልደማርያም ድራም ላይ ከተቀመጠች ዝም ማለት አትችልም። ይህ ሐሜት አይደለም፤ በዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ትምህርት ክፍል አራት ዓመት ያስተማራት መምህር እዮኤል በቀይ እስክሪብቶ የጻፈው ነው። እጇ ፈጣን ነው፣ ጆሮዋም የተባረከ። ግን ጃዝ ውስጥ መቀባበል የሚባል ነገር አለ፤ ሳክስፎኑ አራት ባር፣ አራት የምት ዙር ማለት ነው፣ ይጫወታል፣ ድራሙ አራት ባር ይመልሳል፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል። ንግሥት ሰው ሲናገርም ትመታለች፣ ሰው ዝም ሲልም ትመታለች። ክፍተት ካየች ሮጣ ትደፍነዋለች።

«አራት ባር ባዶ መተው ምን ይከብዳል?» አላት የመመረቂያ ኮንሰርቷ አንድ ወር ሲቀረው። «በዚህ ከቀጠልሽ አላሳልፍሽም፤ እቅጩን ነው የምነግርሽ።»

«እሞክራለሁ መምህር» አለች። ምን እንደሚከብዳት ግን አልነገረችውም። እጇ ባረፈ ቁጥር ጣሳ ሲንኳኳ ይሰማታል።

የጣሳው ነገር እንዲህ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብሎ ባለው የቀወት ቆላ፣ ማሽላው ሲያሸት የወፍ መንጋ ይወርድበታል፤ ሰው ማማ ላይ ወጥቶ ከንጋት እስከ ምሽት ካልጠበቀ አገዳው ብቻ ነው የሚተርፈው። የእነ ንግሥት ማሳ በሮቢ ወንዝ ወዲያና ወዲህ ስለነበር ማማውም ሁለት ነበር። በወዲያኛው ወንድሟ ዮሴፍ፣ በወዲህኛው እሷ። እሱ አሥራ ዘጠኝ፣ እሷ አሥራ አራት ዓመታቸው ነበር። እሱ የዘይት ጣሳውን አራት ጊዜ ይመታል፣ እሷ አራት ትመልሳለች፣ ወፉ መሐል ላይ መድረሻ ያጣል። የአገሩ ወፍ ጠባቂ ሁሉ የሚያውቀው ሕግም ነበር። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመለሰ ሰው ወይ እባብ ነድፎታል ወይ ወድቋል፤ ወፉ ማሽላውን ይብላው፣ ወርደህ ሂድና እይ።

ዮሴፍ ተረበኛ ነበር። እጇ ትንሽ ዘግየት ካለ ወንዙን አሻግሮ «ዘገየሽ፣ ሙሽሪት!» ይላታል፤ ሙሽራ እግሯን እየጎተተች ነው የምትሄደው ለማለት። አንድ ቀን ጠዋት አሥር ጊዜ ሳይላት አልቀረም። በአሥረኛው አኮረፈች። ጣሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ እጇን አጣጥፋ ቁጭ አለች። ጠራት፤ ዝም። ጠራት፤ ዝም። ሦስተኛውን ሲመታ ሳቋን አፍና «የታባቱ» አለች በልቧ።

ቆላው ላይ ጠብታ ዝናብ አልነበረም። የጣርማ በር ተራራ ግን ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ነበር፤ እላይ ዘንቦ እታች የሚገድል ውኃ ነው የዚያ አገር ውኃ። ደራሽ ጎርፉ ሲመጣ ዮሴፍ ወንዙ መሐል ነበር፣ ጣሳው በገመድ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ። ንግሥት ያየችው ጥቂት ነው። የሰማችው ግን ከጆሮዋ አልወጣም፤ ጣሳው ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ ወደ ታች ሲሄድ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

አባቷ አቶ ወልደማርያም ሲጠይቋት «መልሼለት ነበር» አለች። ልጅ ናት፣ ፈርታለች፤ ማን ይፈርድባታል? ውሸቱ ግን ጥፋቱን ከእሷ ላይ አንሥቶ ሟቹ ላይ ጣለው።

«ከተመለሰለት ታዲያ ምን አስወረደው?» አሉ አባትየው። «ሥራ ጠልቶ ነው። ውኃ ሊራጭ ነው።» ከተዝካሩ በኋላ ፎቶውን ከግድግዳ አወረዱት፤ ስሙንም ዳግመኛ አልጠሩም። በሞተ ልጅ ላይ ስምንት ዓመት ቂም መያዝ እንዴት ያለ ነገር ነው! ንግሥት ይህን እያየች አደገች፤ እያየችም ዝም አለች።

ስለዚህ ኮንሰርቱ ሸዋ ሮቢት ይሁንልኝ ብላ የለመነችው እሷ ናት። መምህሩ፣ አባቷ አዲስ አበባ መምጣት ስለማይችሉ መሰለው። የኮንሰርቱን መጨረሻም ራሷ ደረሰችው፤ ድራሙ አራት ባር ይጠራል፣ አራት ባር ማንም አይመልስም፤ ይህ ሦስት ጊዜ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዋናው መንገድ ዳር ያለው ሆቴል አዳራሽ ሞላ። ያለፈው እሑድ ለሠርግ የተሰቀለው መጋረጃ ገና አልወረደም። ማራገቢያው ሙቀቱን ከወዲያ ወዲህ ያመላልሳል እንጂ አያበርድም። ከመንደሩ የመጡት «ዘፋኙ የታለ?» ይባባላሉ፤ አንዲት ጎረቤት «ለከበሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አለው?» ብላ አጠገቧ ያሉትን አሳቀች። አቶ ወልደማርያም ፊት ለፊት፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

አንድ ሰዓት ያህል ተጫወተች። ሰዉ ለመደው፤ እግሩን ማወዛወዝም ጀመረ። ከዚያ ሳክስፎኑ ወረደ፣ ፒያኖው ዝም አለ፣ እሷም ትንሿን ከበሮ ጠርዟ ላይ መታች። የዮሴፍን አመታት ነበር፤ ደረቅ፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል።

ጠራች። ዝም አለች። እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ጣሳው ከበሩ ውጭ ተሰማት፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ሁለተኛ ጠራች። ጣሳው አሁን አዳራሹ ውስጥ፣ ከወንበሮቹ መሐል መጣ። ከመንደሩ ሰዎች አንዱ «ምነው አይመልሱላትም?» ሲል ሰማችው። ሌሎቹም ተቁነጠነጡ። የከተማው ሰው ሙዚቃ ነው ብሎ ይሰማል፤ የማሽላው አገር ሰው ግን እየቆጠረ ነበር።

ሦስተኛ ጠራች። በዚህኛው ዝምታ ጣሳውም ቀረ። ምንም፣ ምንም የለም። ያን ቀንም ከሦስተኛው ጥሪ በኋላ የዮሴፍ ጣሳ እንዲሁ ዝም ብሎ ነበር፤ ሊያያት እየወረደ ነበርና።

አቶ ወልደማርያም ተነሡ። አስበው የተነሡ አይመስሉም፤ ባርኔጣቸው ወለሉ ላይ ወድቋል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እስከ መድረኩ ድረስ ሄዱና «ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አሉ።

«አባባ፣ ያን ቀን አልመለስኩለትም» አለች ንግሥት።

አባቷ አንድ እርምጃ ጠጋ አሉ።

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም። አኩርፌ ነበር።»

ሌላ አልጠየቁም። ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያነሡ ወጡ። ንግሥት ከድራሙ ተነሥታ ተከተለቻቸው። መምህር እዮኤል መንገድ ላይ ክንዷን ይዞ «አልፈሻል እኮ» አላት፤ ስለ ምን እንደሚያወራ እንኳ አልገባትም።

የሮቢ ድልድይ ላይ አገኘቻቸው። የጭነት መኪናዎች ከኋላቸው ያልፋሉ። እሳቸው የድልድዩን ብረት ተደግፈው ወደ ታች ያያሉ። ልትቀርባቸው ፈራችና ከድልድዩ ወዲህኛው ጫፍ ቆመች።

«ዮሴፍ» አሉ። ከስምንት ዓመት በኋላ ስሙ ከአፋቸው ሲወጣ ድምፃቸው ተሰበረ። «ዮሴፍ፣ አባትህን ይቅር በለኝ። እህትህን ልታይ ነው ለካ የወረድከው።»

ከዚያ ከዘራቸውን አንሥተው ብረቱን አራት ጊዜ መቱ፤ አዳመጡ። ውኃው ብቻ ነው። ደግመው አራት መቱ። ንግሥት የድራም ዱላዎቿ እጇ ላይ እንዳሉ ያየችው አሁን ነው። ጥሪው የእሷ አይደለም፤ ለሟቹ ነው። ሦስተኛውን ሲመቱ ግን ዝም ማለት አልቻለችም። ዕንባዋ እየወረደ ብረቱን አራት ጊዜ መታች።

አባቷ ፊታቸውን አላዞሩም።

«ዘገየሽ፣ ሙሽሪት» አሉ።

ዱላዎቹ ከንግሥት እጅ ወደቁ። ያቺን የዮሴፍ ተረብ ለማንም ነግራ አታውቅም፤ አባቷም ማማው ላይ አልነበሩም። ቀና ብላ ስታይ እሳቸውም አፋቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ምን እንዳሉ የጠፋቸው ይመስል፣ ቁልቁል ወንዙን ያዩ ነበር።