ሉብና አለች

"ሉብና አለች አይደል እንዴ? አባባ ምን ጎደለባቸው?" አለ ሙነወር፣ እህቱ እዚያው አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ።

ሙነወር ከኮምቦልቻ፣ ታናሹ ኡበይድ ከውጫሌ ተነስተው ሐይቅ ከተማ ድረስ የመጡት ስለ አባታቸው ስለ ሀምዱ ሊመክሩ ነበር። ሀምዱ አንድ ጎናቸው ከደነዘዘ ዓመት አልፏል። ያለ ሰው አይነሱም፤ ያለ ሰው አይተጣጠቡም። የሚያነሳቸውም የምታጥባቸውም ሉብና ብቻ ናት።

"የኔ ቤት እንደምታውቁት ጠባብ ነው፤ ሚስቴም ወገቧን ያማታል" አለ ኡበይድ።

"እኔ ሳገባስ?" አለች ሉብና። "እሱን አይደል የምንመክረው?"

 ሙነወር መለሰላት።

"እሱን እንኳ ጨርሼዋለሁ። የጠሃ ሽማግሌዎች አንቺን ሊጠይቁ ሱቄ ድረስ መጥተው ነበር። አባታችን እንዲህ ሆነው አይሆንም ብዬ መለስኳቸው። ኸይር ነው፤ አላህ ያለው ይሆናል።"

ሉብና ወደ ሙነወር ዞረች። ለካ ጠሃ ስልኳን ማንሳት የተወው ለዚህ ነው! ምን በድዬው ይሆን እያለች አንጀቷ ሲቃጠል ነው የከረመው።

"ማን ፈቀደልህ?"

"ታላቅሽ ነኝ።"

"ነገሩን በአላህ አታሳብብ! የመለስካቸው አንተ ነህ። አባባ ሳጥባቸው ዓይናቸውን እንደሚጨፍኑ ታውቃለህ? ሴት ልጃቸው ገላቸውን ስታይ እያፈሩ ነው። ሁለት ወንድ ልጅ ወልደው!"

"ኧረ ቀስ በይ፣ ይሰማሉ" አለ ኡበይድ፣ ወደ ጓዳው እያየ።

"ይስሙ! እሳቸውንስ ማን ጠየቃቸው?"

"ሉብና!" የሚል ጥሪ ከጓዳ መጣ። የሚያስቸኩላቸው ነገር እንዳለ ድምፃቸው ያስታውቃል።

ሉብና እንደ ልማዷ ብድግ አለች። ወንድሞቿ ንቅንቅ አላሉም፤ ሙነወር ጭራሽ ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ። ይህን ስታይ ከጥግ ፎጣውንና ውሃ የሞላውን ጆግ አንስታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ውሃው ሱሪው ላይ ተደፋ።

"አባባ፣ ሙነወር እየመጣ ነው!" አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ።



"ይምጣ" አሉ ሀምዱ። "የምጠይቀውም አለኝ።"

ሙነወር እህቱን ቀና ብሎ አያት። ሉብና ተመልሳ ተቀመጠች።