የግብዣው ሳምንት

ባየሽ ወሬውን የሰማችው ሰኞ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከጋሽ አለኸኝ ነው። ጋሽ አለኸኝ ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ካስገቡ በኋላ ከበሩ ፊት ለፊት ባለችው የባየሽ ራኩባ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ራኩባዋ አራት ቋሚ እንጨትና የሣር ክዳን ናት። ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ የወረዱ ሠራተኞችም መኪና እስኪመጣላቸው እዚያችው ጥላ ስር ይጠለላሉ።

«ያችም ልትሄድብን ነው» አሉ ጋሽ አለኸኝ ብርጭቆውን እያሽከረከሩ።

«ማን?»

«ቲቸር ስመኝ ናታ! ዓርብ ለት ርእሰ መምህሩን ‹ወይ ሁለተኛ አስተማሪ አምጡልኝ፣ ወይ በመጪው ሳምንት ቅዳሜ በጎንደር አውቶቡስ እሄዳለሁ› ስትለው በጆሮዬ ሰማሁ።»

«እሱስ ምን አላት?»

«ምን ይላታል? ‹ለወረዳው ጽፈናል› አላት። ለወረዳው ለመጻፉማ እኔም አላንስ፣ ጽሕፈት ባውቅ።»

ባየሽ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች።

አምና የልጇ የሀኒ አስተማሪ ጥቅምት ሳያልቅ ጥሎ ሄዷል። ከዚያ በኋላ አንደኛ ክፍልን አንድ ቀን የስፖርት አስተማሪው፣ አንድ ቀን ጸሐፊዋ፣ አብዛኛውን ቀን ደግሞ ማንም ሳይገባበት ዓመቱ አለቀ። ሀኒ ሰኔ ላይ ፊደሉን እንደ ዘፈን በቃሏ ታወርደዋለች እንጂ ጣትሽን አስቀምጪበት ቢሏት አትለየውም። ዘንድሮ እንደገና አንደኛ ክፍል ገባች። ባየሽ ለራሷ አንድ ነገር ነግራለች፦ ይህችም አስተማሪ ከሄደች ልጄ ልክ እንደ እኔ ትቀራለች።

ስመኝ ከዳባት የመጣች ገና ወጣት ናት። ነሐሴ መጨረሻ እዚህ ገንዳ ውሃ ከተማ ከወረደች ጀምሮ ቁጭ ብላ ያያት የለም። መጀመሪያ ለምዝገባ በዚያ ጭቃ ከቤት ቤት ስትዞር ከረመች። ከዚያ የጠዋቱን ፈረቃ አንደኛ ክፍል ያዘች፤ ለከሰዓቱ የተመደበው አስተማሪ ብቅ ስላላለ እሱንም ጨመሩላት። እሁድ ደግሞ የጎልማሶችን ትምህርት የምታስተምረው እሷው ናት። ባየሽ ስሟን መጻፍ የቻለችው እዚያ ነው። ሀኒ አጠገቧ ተቀምጣ «እማ፣ ‹የ›ሽ ተንጋዳለች» እያለች ታርማታለች። እናትና ልጅ አንድ ክፍል ናቸው ማለት ይቻላል።

ያን ለት ባየሽ ሻዩን ለጋሽ አለኸኝ አደራ ብላ ሁለቱን ጎረቤቶቿን፣ አይናዲስንና ሙሚናን፣ ጠራቻቸው። የሁለቱም ልጆች ከሀኒ ጋር ይማራሉ።

«ለምን ትሄዳለች? ምን አደረግናት?» አለች ሙሚና።

«ብቸኝነት ነው» አለች አይናዲስ። «ከቤቴ ጀርባ አይደል የተከራየችው? ደረቅ ዳቦ ነው የምትበላ። ሰው የላት፣ ጠያቂ የላት።»

«እንግዲያ እንያዛት» አለች ባየሽ። «በየተራ ቤታችን እንጥራት። አብሮ የበላ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይሄድም።»

«እናንተ በሥጋ ስታንበሸብሿት እኔ ምን ላበላት ነው? የኔን ሥጋ አትበላ» አለች ሙሚና።

«ፉል አድርጊላታ!»

«ፉልማ ማንም ያበላታል። የኔን ፉል ከቀመሰች ግን ጎንደርን በሕልሟም አታያት!»

ሳቁ። ሰኞን አይናዲስ፣ ማክሰኞን ሙሚና ወሰዱ። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ሽሮ የምትችል አንዲት ጎረቤት ተገኘች። ሐሙስ የባየሽ ሆነ።

የከሰዓቱ ፈረቃ ሲለቀቅ ተረኛዋ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

«ቲቸር፣ ዛሬ እኛ ቤት ነዎት።»

«ኧረ ሥራ አለብኝ፣ እናቴ። ሌላ ቀን።»

«ሥራ የት ይሄዳል? ሳይቀምሱማ አይሄዱም። አፈር ስሆን!»

አፈር ስሆን የተባለ ሰው እምቢ አይልም። ስመኝ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች ትከተላለች። ከማዕዱ ለመነሳት ስትሞክር ጉርሻ ይመጣል፤ ጉርሻው ሲያልቅ ጎረቤት ይመጣል፤ ጎረቤቱ ስለ ልጁ ይጠይቃል። ባየሽ በማግስቱ ወሬውን ትሰበስባለች። «እንጀራዋን አልተወችም!» ስትላት አይናዲስ፣ ባየሽ አውቶቡሱ አንድ ቀን የራቀ መሰላት።

ረቡዕ ሀኒ ከትምህርት ስትመለስ እንዲህ አለች፦ «እማ፣ ቲቸር ዛሬ ቆማ ተኛች።»

«ደግሞ እንዴት ነው ቆሞ መተኛት?»

«ግንባሯን ሰሌዳው ላይ አድርጋ። እኛ ዝም አልን።»

«ምነው ዝም አላችሁ?»

«ከነቃች ታስጽፈናለቻ!»

ባየሽ አልሳቀችም። አቅም አንሷት ነው፣ ሽሮና ፉል ምን ጉልበት ይሆናታል አለች በልቧ። ሐሙስ ጠዋት ከዶሮዎቿ ትልቁን አስያዘችና ጋሽ አለኸኝ አረዱላት። ሻዩን ዘግታ ሽንኩርት ስታቁላላ ዋለች። ሌሎቹንም እናቶች ጠራች፤ ስመኝ ስንት ሰው እንደሚወዳት በዓይኗ ብታይ ልቧ ይመለስ ይሆናል ብላ አሰበች።

ስመኝ ስትመጣ ሌሎቹ ገና አልደረሱም። የባየሽ ባል ደምለው አብደራፊ ሄዶ በእርሻዎቹ ትራክተር ስለሚነዳ ቤቱ ውስጥ ባየሽ፣ ሀኒና ትንሹ ልጅ አንዱአምላክ ብቻ ነበሩ። ባየሽ እጇን አስታጠበቻት፤ እንቁላሉን ከፍላ አጎረሰቻት። ስመኝ አላመጠች፣ ዋጠች፣ ከዚያ እጇን ከሳሕኑ መለሰችና ዓይኗን በክንዷ ሸፈነች።

«በርበሬው በዛ እንዴ?» አለች ባየሽ ደንግጣ።

«እትዬ ባየሽ፣ አንድ ነገር ብልዎት ይቀየሙኛል?»

«እኔ? ምን በወጣኝ!»

«ምግቡ ግሩም ነው። እናቴም እንዲህ አድርጋ አብልታኝ አታውቅም። ግን ሰኞ ቤቴ የገባሁት በጨለማ ነው። ማክሰኞም፣ ትናንትም። መጽሐፍ አልመጣልንም፤ ልጆቹ የሚገለብጡትን ፊደል በየደብተራቸው የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። የሁለት ክፍል ልጅ ደብተር! የነገውን ትምህርት ማዘጋጀት አለ። የምዝገባው ቅጽ አላለቀም። ከፈረቃው በኋላ ያለችው ሰዓት ብቻ ነበረች የኔ። እሷንም…»

«እሷንም ወሰድንብዎት» አለች ባየሽ።

«እምቢ እንዳልል አፈር ስሆን ትሉኛላችሁ። ማን አፈር ያድርጋችሁ?»

ባየሽ የያዘችውን ጉርሻ የት እንደምታደርገው ጠፋት። ኋላ መልሳ ሳሕኑ ላይ አስቀመጠችው።

«እንግዲያ ምን እናድርግልዎ? የምንችለው ነገር ካለ ይንገሩኝ።»

ስመኝ ጥግ ላይ ቆርኪ እየደረደረ የሚጫወተውን አንዱአምላክን አየችው።

«ይሄ ልጅ ዕድሜው ስንት ነው?»

«ጥር ላይ አራት ይሞላዋል።»

«በየቀኑ ከሀኒ ጋር ይመጣል።»

የባየሽ ፊት ጋለ። እሷ የምትልከው ሻዩ እሳት አጠገብ እንዳይቃጠልባት ነው። ከእህቱ ጎን ቁጭ ይላል፣ ማንንም አያስቸግርም፣ አንድ ልጅ ምን ቦታ ይይዛል ብላ ነው።

«እሱ ብቻውን አይደለም» አለች ስመኝ። «እያንዳንዱ ተማሪ ማለት ይቻላል አንድ ትንሽ አስከትሎ ይመጣል። አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይሸናል፣ አንዷ እናቴ ጋ ውሰዱኝ ትላለች። እነሱን ሳባብል ፈረቃው ያልቃል። እናቶቻቸው ሰሊጥ ላይ እንደሆኑ ስለማውቅ አልመልሳቸውም። የት ይጣሏቸው? ግን እኔም አንድ ሰው ነኝ።»

ይኼኔ ከውጭ የሙሚና ድምፅ መጣ። «ቤቶች! ቲቸርን ለብቻሽ ልትበያት ነው እንዴ?» ከኋላዋ የሌሎች ሴቶች ሳቅ ይሰማል።

ስመኝ ቶሎ ዓይኗን ጠረገች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ወገቧን አቅንታ ለፈገግታ ተዘጋጀች። ባየሽ ይህን ስታይ ብድግ አለች። አልጋው ላይ የተሰቀለውን አጎበር አወረደችና «እዚህ ይተኙ» አለች።

«ኧረ በፍጹም! እንግዶቹ…»

«አንቺ ልጅ፣ ተኚ ብያለሁ!»

ስመኝን አንቺ ብላ አታውቅም ነበር። ሀኒን ታናሽ ወንድሟን ይዛ እንድትወጣ አደረገች፤ ራሷም ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችና ጀርባዋን ሰጠችው።

«ዛሬ ግብዣ የለም» አለች።

ሴቶቹ ተያዩ። «ዶሮው መንገድ ድረስ እየሸተተን?» አለች አይናዲስ።

«ይቆያል።»

«ነገ ዓርብ ነው! ለጾም ሊያድር ነው?»

«ቀስ በሉ፣ ተኝታለች» አለች ባየሽ። በሩ ላይ እንደቆመች የሰማችውን ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻቸው። የግብዣውንም፣ የትንንሾቹንም።

«እና እኛ ነን ያደከምናት?» አለች አይናዲስ። «ብላ ብሎ ማብላት ጥፋት ሆኖ ያውቃል? ደግሶ እንግዳን ከደጅ መመለስስ ከማን ተማርሽው?»

«የኔም ልጅ አለበት፣ ያንቺም አለበት፣ አይናዲስ። ለአጨዳ ወንፈል እንገባ የለ? ለልጆቹም እንግባ። ትንንሾቹን በየተራ አንዳንዳችን በኔ ራኩባ ስር እናውላቸው።»

«በዚህ ወቅት? ሰሊጥ አንድ ቀን ካለፈው ፈንድቶ መሬት ነው የሚያለብሰው! አንቺ ከጥላ ስር ሻይሽን እየሸጥሽ ይቀልሻል።»

እውነቷን ነው። አይናዲስ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ሄደች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ሙሚና ብቻ ትንሽ ቆየች።

«ሰኞን እኔ እይዛለሁ» አለች። «ፉሌን ግን ሳትወደው ነው የበላችው?»

«ወዳዋለች።»

«እሱስ ደግ።»

ስመኝ የነቃችው መብራት ሲበራ ነው። ባየሽ ስለ ቅዳሜ ልትጠይቃት ፈልጋ ፈራች። ስመኝም አመስግና ወጣች።

ዓርብ ከወረዳው መልስ አልመጣም። ባየሽ ሻዩን ዘግታ ከቤት ቤት ዞረች። ከፊሎቹ እሺ አሏት፤ ከፊሎቹ እግዜር ያውቃል አሏት፤ አንዷ በሩንም አልከፈተችላት። ቅዳሜ የጎንደሩ አውቶቡስ ጥሩንባውን ሲነፋ መናኸሪያ ሄዳ ማየት ትችል ነበር። አልሄደችም፤ የታጠበ ብርጭቆ ደጋግማ ስታጥብ ቆየች።

እሁድ ለጎልማሶቹ ትምህርት እንደወትሮዋ ደብተሯን ይዛ ሄደች። ክፍሉ ተቆልፏል። ጋሽ አለኸኝ በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ዛሬ ትምህርት የለም።»

«ሄደች?»

«የት አባቷ ትሄዳለች፣ ተኝታለች! ርእሰ መምህሩን ‹ሌላ አስተማሪ እስኪመጣ እሁድን ተዉልኝ፣ እስከ ገና እሞክራለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ቃል አልሰጥም› አለችው። እሱም እሺ አለ። ምን አማራጭ አለው?»

ባየሽ ደብተሯን ብብቷ ስር አደረገች። እሷ የደረሰችው ‹ተ› ላይ ነው፤ ‹ቸ›ን ማን እንደሚያሳያት አታውቅም። ሀኒ ግን እስከ ገና ስንት ፊደል ልትለይ እንደምትችል በመንገዱ ሁሉ ስታሰላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሰኞ ሙሚና ቃሏን ጠብቃ መጣች፤ ትንንሾቹን ራኩባው ስር ሰብስባ በዐረብኛ እያዘፈነች አዋለቻቸው። ማክሰኞ ተረኛዋ ሳትመጣ ቀረች። ባየሽ እሳቱን አጥፍታ ራሷ ያዘቻቸው። ሁለቱ ተቧቀሱ፤ አንዱ አሸዋ በላ፤ አንዱአምላክ ካልታዘልኩ ብሎ አለቀሰ። የሻይ ደንበኞቿ ሌላ ቦታ ሄዱ። ወገቧ ተቆረጠ፤ ፀሐይዋ ግን ንቅንቅ አላለች። ረቡዕም ያው ሆነ። ሐሙስ ጠዋት አይናዲስ የራሷን ልጅ እጁን እየጎተተች መጣችና ያለ ሰላምታ «ለዛሬ ብቻ ነው» ብላ ቁጭ አለች።

በዚያ ቀን የከሰዓቱ ፈረቃ ሲለቀቅ ስመኝ በበሩ ወጣች። ዓይኗ አሁንም ቀልቷል፣ ቦርሳዋም እንዳበጠ ነው። ራኩባው ጋ ስትደርስ እርምጃዋን ቀነስ አደረገች። ባየሽ ምድጃው ላይ የተጣደ ወጥ ነበራት። አይናዲስ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። «ጥሪያት እንጂ!» አለች በሹክሹክታ።

ባየሽ ከንፈሯን ነከሰች።

«ደህና ይግቡ፣ ቲቸር» አለች።

«ደህና ዋሉ» አለች ስመኝ፣ ወደ ቤቷም አቀናች።